«ዕድሜ ነው» እያልን የምናልፈው

የግቢያችን የሌሊት ጥበቃ «እግሬ አበጠ» አሉ። ያልሰማ የለም፤ መልሱም አንድ ነበር፦ «ዕድሜ ነው ጋሼ!»

እስቲ ስለ አንጋፋ ሠራተኞች ጤና የምንላቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዕድሜ ነው»

ዕድሜ ድርሻ አለው፤ አልክድም። ግን ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ጆሮው ሲከብድ ጥፋቱ የዕድሜ ብቻ አይደለም። ከ85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በላይ የሆነ ጩኸት ለዓመታት ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ጆሮን ይጎዳል። የተጎዳው ደግሞ አይመለስም።

«ጥበቃ ምን አለው? ቁጭ ብሎ ማደር ነው»

እስቲ ቁጭ ብለን እንደር! ጋሼ የሚያድሩት መደገፊያው በተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጥለው። እግር ሳይንቀሳቀስ ሲያድር ያብጣል። (የልብ ወይም የኩላሊት ምልክትም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።) ዕድሜ ሲገፋ እንቅልፍ ይሳሳል፤ የሌሊቱን ቀን ተኝቶ ማካካስም ይከብዳል።

በሳምንት 6 ሌሊት ማለት 72 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት 48 ላይ ነው ያቆመው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳወጡት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ ለስትሮክ ያለው ተጋላጭነት በ35 በመቶ ይበልጣል። ይሄ ነው «ቀላሉ» ሥራ።

«ጭንቀት የአለቃ በሽታ ነው»

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ዋይትሆል በተባለው የለንደን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፈር ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናት የተገላቢጦሹን አሳየ። በልብ ሕመም ይበልጥ የሞቱት የበታቾቹ ናቸው። በኋላ የቀጠለው ጥናት ደግሞ በገዛ ሥራ ላይ የመወሰን ዕድል ማጣት ልብን እንደሚጎዳ ጠቁሟል።

«ሽማግሌ አደጋ ያበዛል»

አያበዛም። ልምዱ ይጠብቀዋል። ከተጎዳ ግን ቶሎ አያገግምም።

«ለእነሱ ማመቻቸት ኪሳራ ነው»

ጀርመን፣ ዲንጎልፊንግ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. 2007። ቢኤምደብሊው አማካይ ዕድሜያቸው 47 የሆኑ ሠራተኞችን አንድ የምርት መስመር ላይ መደበ። ወለሉን በእንጨት አለበሱት፣ የሚመች ወንበር አመጡ፣ ጥቃቅን ዕቃ የሚያጎላ መስታወት ሰቀሉ። ወደ 70 የሚሆኑ ትንንሽ ለውጦች፣ ወጪው 40,000 ዩሮ ገደማ። ምርታማነቱ በአንድ ዓመት 7 በመቶ ጨመረ።

የእኛ ግቢ ኮሚቴ ግን መደገፊያ ያላት አንዲት ወንበር ለመግዛት ገና እየተሰበሰበ ነው።