ሱፐርግሩፕ ምንድን ነው? አድናቂውስ ለምን ይከራከርበታል?

ሱፐርግሩፕ ማለት ቀድሞውኑ ስም ያወጡ ሙዚቀኞች ተሰባስበው የሚያቆሙት ባንድ ነው። አንዱ ከዚህ ባንድ፣ ሌላው ከዚያ ባንድ ይመጣል። በግሉ ሲሠራ የታወቀም ይኖርበታል። ሌላው ባንድ ስም ለማግኘት ዓመታት ይለፋል። ሱፐርግሩፕ ግን አንድ ዘፈን ሳያወጣ አድናቂ አለው። ቲኬቱ ይሸጣል፣ ወሬው ይናፈሳል። በረከቱም መዘዙም ከዚሁ ይመነጫል።

ጅማ ውስጥ ሮክ የሚሰማው ሰው ብዙ አይደለም። ያለው ግን አጥብቆ ይሰማል። በተለይ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አካባቢ፣ ከክፍል መልስ ጀበና ቡና ከሚጠጡት ተማሪዎች መካከል በጆሮ ማዳመጫ ጊታር የሚኮመኩም አይጠፋም። ክርክሩ የሚነሳው እነሱ ዘንድ ነው። ኦዲዮስሌቭ ይበልጣል ወይስ አባላቱ የመጡባቸው ባንዶች? ዜም ክሩክድ ቨልቸርስ ሁለተኛ አልበም ያወጣል ወይስ አበቃለት? ሱፐርግሩፕ የሚባለው ነገር እውነተኛ ባንድ ነው ወይስ የገንዘብ ሥራ? እኔ በዚህ ጉዳይ የቆረጠ አቋም አለኝ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብዙ ኮከብ አንድ ዘፈን ላይ ስለተሰለፈ ሱፐርግሩፕ አይሆንም። በ1985 ለኛው አገር ረሀብ የተዘፈነውን «ዊ አር ዘ ወርልድ» አስታውሱ። ከ40 በላይ ድምፃውያን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስቱዲዮ ገብተው በአንድ ሌሊት ቀዱት። ትልቅ ሥራ ነው፤ ባንድ ግን አይደለም። ሲነጋ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በእንግድነት የሰው አልበም ላይ ገብቶ መጫወትም እንዲሁ። ሱፐርግሩፕ ለመባል አብሮ መሥራት፣ አብሮ መለማመድ፣ በአንድ ስም አልበም ማውጣት ይጠይቃል።

ብዙዎች መነሻው ክሪም ነው ይላሉ። ክሪም በ1966 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። ጊታር ኤሪክ ክላፕተን፣ ቤዝና ድምፅ ጃክ ብሩስ፣ ድራም ጂንጀር ቤከር። ሦስቱም በእንግሊዝ የብሉዝ ሰፈር አንቱ የተባሉ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ክላፕተንም ቤከርም የተከበሩት በመሣሪያቸው ነው። ሱፐርግሩፕ የሚባል ነገር ሊኖር የሚችለው አድማጩ የድራመሩን ስም ሲያውቅ ነው። የካሴቱ ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶ ብቻ ካለ፣ ከኋላ ማን እንደተጫወተ ማን ይጠይቃል?

የኛ አገር ታሪክ እዚህ ላይ ይለያል። ዋልያስ ባንድና ሮሃ ባንድ በየዘመናቸው የተመረጠ ተጫዋች ይዘው ነበር። ሮሃ ያጀበውን ዘፈን ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ግን የዘፈነውን ነው። ጊታሪስቱን ሰላም ስዩምን በስም የሚጠራ አድማጭ አለ፤ ከድምፃዊው አድናቂ ጋር ሲተያይ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ከዚህ ልማድ ወጣ ያለው እዚሁ ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ዓለም ሙላቱን ያወቀው ዘፍኖ አይደለም፤ በቫይብራፎኑና በቅንብሩ ነው። ዋልያሶች በ1977 «ቼ በለው»ን ሲያወጡ ሙላቱ ቫይብራፎን ይዞ አብሯቸው አለ። ኪቦርዱ ላይ ደግሞ ኃይሉ መርጊያ። ዋልያስ ሱፐርግሩፕ አልነበረም። ቢሆንም ያንን አልበም የሰማ ሰው፣ ድምፃዊ ሳያስፈልግ መሣሪያው ራሱ ሲናገር ምን እንደሚመስል ያውቃል። በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ደግሞ ብዙ ወጣት ከባድ ጊታርን በአማርኛ ሰማ። ጃኖም ሱፐርግሩፕ አይደለም፤ አብዛኞቹን አባላት ሕዝብ ያወቃቸው በባንዱ ስም ነው።

እንግዲህ ወደ ጣዕሙ እንምጣ።

ፈረንጅ አራዳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ዝናብ አስጠልሎን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስለ ኦዲዮስሌቭ ተነሳ። ባንዱ የተመሠረተው በ2001 ነው። የሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ድምፃዊ ባንዱን ሲለቅ ጊታሪስቱ ቶም ሞሬሎ፣ ቤዚስቱ ቲም ኮመርፎርድና ድራመሩ ብራድ ዊልክ ቀሩ። እነሱም የሳውንድጋርደኑን ክሪስ ኮርኔልን አመጡ። አንደኛው ጓደኛዬ የሬጅ ሰው ነው፤ ሌላኛው የሳውንድጋርደን።

«ኮርኔል ባይኖር ማን ይሰማቸው ነበር?» አለ አንዱ።

«ሞሬሎ ባይኖርስ ኮርኔል ምን ላይ ይዘፍን ነበር?» አለ ሌላው።

ስልኬን አወጣሁና «ላይክ ኤ ስቶን»ን ከፈትኩ። ሶሎው ላይ ሞሬሎ ዋሚ ፔዳል የሚባለውን በእግር የሚረገጥ መሣሪያ ይጠቀማል። ስትረግጠው የጊታሩን ድምፅ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ይሰቅለዋል። ሬጅ ውስጥ ሞሬሎ በዚህ መሣሪያ ይቆጣል፣ ያስፈራራል። እዚህ ግን ያዜማል። ለምን ቢባል ከፊቱ የቆመው ሰው ራፐር አይደለም። ኮርኔል ረጅም ዜማ ስቦ ይሄዳል፤ ጊታሩም ከእሱ ጋር መዘርጋት አለበት። ኮርኔልም ዝም ብሎ አልመጣም። ሳውንድጋርደን ውስጥ የለመደው ምት ጠመዝማዛ ነው፤ ቆጥረህ አትይዘውም። ኦዲዮስሌቭ ውስጥ ግን ቀጥ ያለ፣ እግር የሚያስመታ ምት ላይ ነው የሚዘፍነው። ሁለቱም ተለወጡ። ለእኔ የሱፐርግሩፕ ጣዕሙ ይኸው ነው። በደንብ አውቀዋለሁ የምትለው ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሲሆን ያላየኸውን ጠባይ ያሳይሃል።

የሬጁ ሰው አልተዋጠለትም። «ስም ቢሰበሰብ ቡድን አይሆንም። አባ ጅፋርን ረሳኸው?» አለኝ። የጅማ ልጅ ይህን ማምጣቱ አይቀርም። ጅማ አባ ጅፋር በኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ስማቸው የገነኑ ክለቦች ከኋላው ቀሩ። መናበብ ከስም ይበልጣል ማለቱ ነው። ልክ ነው፤ በዚህ አልከራከረውም። ሱፐርግሩፕ ሳይናበብ ሲቀር ከሁሉም የባሰ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ለራሱ ሶሎ ይጫወታል። ሲናበብ ግን ከየባንዱ ብቻውን ሊወጣ የማይችል ድምፅ ይወጣል።

ስለዚህ መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ድምፅ አባላቱ በመጡባቸው ባንዶች ውስጥ ነበር ወይ? ካልነበረ ሱፐርግሩፑ ሥራውን ሠርቷል፤ ሁለት ዓመት ቢቆይም፣ አንድ አልበም ብቻ ቢያወጣም። ከነበረ ግን የድሮውን አልበም መስማት ይሻላል።

ሌላም ክርክር አለ። መድረክ ላይ የየባንዶቻቸውን የድሮ ዘፈኖች ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ? ኦዲዮስሌቭ መጀመሪያ ላይ አሻፈረኝ አለ። የሬጅንም የሳውንድጋርደንንም ዘፈን አይነኩም ነበር። በራሳችን ሥራ እንታወቅ ነው ነገሩ። በ2005 ሁለተኛው አልበማቸው «አውት ኦፍ ኤግዛይል» አሜሪካ ውስጥ የቢልቦርድን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ከፈተ። የድሮዎቹን ዘፈኖች መድረክ ላይ ማምጣት የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነው። ቅደም ተከተሉን እወደዋለሁ። መጀመሪያ በራሳቸው ዘፈን ራሳቸውን ቻሉ። የድሮው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቲኬት የከፈለ ሰው የድሮውን መስማት ይገባዋል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ለአዲስ ባንድ ሁለት ሦስት ዓመት ፋታ ብንሰጠው ምንም አይጎድልብንም ባይ ነኝ።

ታዲያ ለምን አይቆዩም? ክሪም በ1968 መጨረሻ ላይ ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ተሰናበተ። ቤከርና ብሩስ ክሪም ሳይመሠረት በፊትም የተጣሉ ሰዎች ነበሩ። ብላይንድ ፌይዝ ይብሳል። ክላፕተንና ቤከር፣ ስቲቭ ዊንውድንና ሪክ ግሬችን ጨምረው በ1969 ሃይድ ፓርክ ውስጥ የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን አቀረቡ። የተገኘው ሕዝብ ወደ 100,000 ይገመታል። ከዚያ አንድ አልበም አወጡ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተበተኑ። እስቲ አስቡት። ሌላ ባንድ የመጀመሪያ ስህተቱን የሚሠራው ትንሽ ክለብ ውስጥ፣ በጥቂት ሰው ፊት ነው። ይሳሳታል፣ ያርማል፣ ይተዋወቃል። እነዚህ ግን ገና ሳይተዋወቁ መላው ለንደን እያያቸው ነው። ብዙ ሱፐርግሩፕ ያለጊዜው የሚፈርሰው በዚህ ይመስለኛል።

ጊዜም አለ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። የሱፐርግሩፕ አባል ኑሮው ግን ሁለት ዛፍ ላይ ነው። ዋናው ባንዱ ጉዞ ሲጀምር ይሄኛው ይቆማል። ውልም አለ። የኦዲዮስሌቭ አባላት ሲገናኙ በሁለት የተለያዩ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውል የታሰሩ ነበሩ። የማናጀሮች ጭቅጭቅም ተጨምሮበት ኮርኔል የመጀመሪያው አልበም ሳይወጣ በ2002 ለጊዜው ጥሎ ሄዶ ነበር። በ2007 ጨርሶ ለቀቀ፤ የባሕርይና የሙዚቃ አለመግባባት ነው ብሎ በይፋ ተናገረ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ለአንድ ምሽት ተገናኝተው ተጫወቱ። በዚያው ዓመት በግንቦት ኮርኔል አረፈ። ይመለሳሉ ወይስ አይመለሱም የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ተዘጋ።

ከሁሉም ለየት የሚለው ትራቭሊንግ ዊልበሪስ ነው። በ1988 የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ለነጠላ ዘፈኑ ሸክላ ሁለተኛ ገጽ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ዘፈን ፈለገ። ጄፍ ሊንና ሮይ ኦርቢሰን አብረውት ነበሩ። ቦብ ዲላን ቤቱ ጋራዥ ውስጥ መቅጃ ስለነበረው ወደ እሱ ሄዱ። ቶም ፔቲም ተጨመረ። ግጥሙ ሲጎድላቸው ጋራዡ ውስጥ ከነበረ ካርቶን ላይ «በጥንቃቄ ያዙ» የሚል ጽሑፍ አይተው የዘፈኑ ርዕስ አደረጉት። ኩባንያው ዘፈኑን ሲሰማ ለሸክላ ጀርባማ አይሆንም፣ ይበልጣል አለ። በዚህ ምክንያት ሙሉ አልበም ተሠራ። ጊታሮቹን የቀዱት ስቱዲዮ ባለው አንድ ሙዚቀኛ ወዳጃቸው ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነው።

አልበሙ ላይ እውነተኛ ስማቸውን አላወጡም። ሁሉም የዊልበሪ ልጆች ነን ብለው የፈጠራ ስም ያዙ። እኔ የዊልበሪስ ምስጢር ይህ ነው እላለሁ። ስሙን በር ላይ ትቶ የገባ ኮከብ ከሌላው ኮከብ ጋር አይጋፋም። ኦርቢሰን አልበሙ በወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው በ52 ዓመቱ አረፈ። «ኤንድ ኦፍ ዘ ላይን» የሚለው ቪዲዮ ላይ የእሱ ተራ ሲደርስ የሚታየው የሚወዛወዝ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጊታር ነው። ቀሪዎቹ በ1990 ሌላ አልበም ሠሩ። ኮንሰርት ዞረው ግን አያውቁም።

አሁን ጅማ ላይ የሚያከራክረን ዜም ክሩክድ ቨልቸርስ ነው። የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ፖል ጆንስ ቤዝ፣ የኩዊንስ ኦፍ ዘ ስቶን ኤጁ ጆሽ ሆሚ ጊታርና ድምፅ፣ የኒርቫናውና የፉ ፋይተርሱ ዴቭ ግሮል ድራም። በ2009 አንድ አልበም አወጡ። ከአልበሙ «ኒው ፋንግ» በ2011 ግራሚ አገኘ። ከዚያ ጠፉ። በ2022 ለሟቹ የፉ ፋይተርስ ድራመር ለቴይለር ሃውኪንስ መታሰቢያ ለንደንና ሎስ አንጀለስ ላይ አብረው መድረክ ሲወጡ የአድናቂው ተስፋ እንደገና ነቃ።

የሳውንድጋርደኑ ጓደኛዬ «አንድ አልበም ይበቃል፤ አትነካኩት» ባይ ነው። ሁለተኛው ከወረደ የመጀመሪያውንም ያደበዝዛል ይላል። በዚህ አልስማማም። የተቀዳ አልበም በኋላ በሚመጣ ነገር አይደበዝዝም። ጆንስ የተወለደው በ1946 ነው፤ ጊዜው ገደብ አለው። ሦስቱም ልብ ካላቸው አንድ ሳምንት ስቱዲዮ ቢገቡ ደስ ይለኛል። የሚመጣው ነገር የኩዊንስ አልበም ላይ ሊገባ የሚችል ዓይነት ከሆነ ይቅር። ካልሆነ ያውጡት።

ሐሳቡ ራሱ ግን ገና አላረጀም። ቦይጂኒየስ የሚባሉት ሦስት ሴት ሙዚቀኞች፣ ጁልየን ቤከር፣ ፊቢ ብሪጀርስና ሉሲ ዴከስ፣ በ2023 ሙሉ አልበም አወጡ። በ2024 ሦስት ግራሚ ወሰዱ። ከዚያ ለጊዜው አረፍ እንላለን ብለው ወደየግል ሥራቸው ተመለሱ። ሳይጣሉ መለያየት ይቻላል ማለት ነው።

ለመስማት የምትፈልጉ ከሆነ ከዜም ክሩክድ ቨልቸርስ «ኤሌፈንትስ»ን ክፈቱ። በስልክ ስፒከር ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ። መጀመሪያ ላይ ይሮጣል። ከዚያ ፍጥነቱ በድንገት ይቀንሳል። እዚያች ቦታ ላይ ጊታሩን ተዉትና ጆንስ ቤዙን ከግሮል ድራም ጋር እንዴት እንደሚያስኬደው አድምጡ።