«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ እንቁላል በሚመስል ሜዳ ላይ የታየ ተረት

የግቢዬን በር የሚሠራልኝ በያጅ ነበር። በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ ብሎኝ አራተኛ ወሩን ያዘ። በደወልኩ ቁጥር መልሱ ያው ነው፦ «ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» መጀመሪያ ሲለኝ ሳቅሁ። አምስተኛው ላይ ግን ንድድ አለኝ። ስለ በሩ ብቻ አይደለም፤ ለተረቱም ተቆርቁሬ ነው። ይሄን የመሰለ አባባል የቀጠሮ ማራዘሚያ ሲሆን ያሳዝናል።

እስቲ ቃሉን እንየው። እንቁላል እግር የለውም። ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠህ ብትረሳው ይሸታል እንጂ አይሄድም። የሚሄደው ዶሮ ከታቀፈችው ብቻ ነው። ልጅ እያለሁ እናቴ ዶሮ ስታስታቅፍ አይቻለሁ። ጨለም ያለ ጥግ ላይ ጭድ የተነጠፈበት አሮጌ ቅርጫት ይቀመጣል። ዶሮዋ በቀን አንዴ ብድግ ብላ ጥሬዋን ትለቅማለች፣ ውሃዋን ትጎነጫለች፣ ወዲያው ትመለሳለች። እንቁላሎቹን በመንቆሯ እያገላበጠች ሁሉንም በእኩል ታሞቃለች። እጅህን ብትሰድ ትነቁርሃለች። ትከሳለች። በ21ኛው ቀን ገደማ ጆሮህን ወደ ቅርጫቱ ስታስጠጋ ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ትሰማለህ። በማግስቱ እንቁላል የነበረው ነገር ግቢው ውስጥ ይሯሯጣል።

ተረቱ የተወለደው ከዚህ ቅርጫት ነው። ባለቤት የለውም፤ ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ሊለው የሚችለው ነገር ነው። እና ልብ በል፣ «ቀስ በቀስ» ማለት «ቆይቶ» ማለት አይደለም። ዶሮዋ አንድም ቀን አላረፈችም። ከውጭ ለሚያይ የተኛች ይመስላል እንጂ። ለእኔ ዋናው ቃል ደግሞ «በእግሩ» የሚለው ነው። እንቁላሉን ተሸክመህ ብትሮጥ ቶሎ ትደርስ ይሆናል። ከወደቀ ግን አለቀ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እና «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚሉትም የዚሁ ተረት ዘመዶች ናቸው።

ይሄን ሁሉ ለበያጁ ማስረዳት አቃተኝ። ስለዚህ አንድ የመኪና ውድድር ታሪክ አወራሁለት። ብረት ለሚወድ ሰው ዶሮ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው።

ቦታው አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ዳርሊንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ሃሮልድ ብራሲንግተን የሚባል የአገሬው ሰው እ.ኤ.አ. በ1933 ኢንዲያናፖሊስ ሄዶ ታላቁን የ500 ማይል ውድድር አየና ልቡ እዚያው ቀረ። ለእኛም እንዲህ ያለ ሜዳ ያስፈልገናል አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ሼርማን ራምሴ ከተባለ ገበሬ የእርሻ መሬት አግኝቶ መጥረግ ጀመረ። ገበሬው አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። እርሻው ዳር ላይ ትናንሽ ዓሣ የሚያረባበት ኩሬ አለው፤ እሷ እንዳትነካ! ብራሲንግተንም እሺ አለ። ኩሬዋን ለማለፍ የሜዳው አንዱ ጫፍ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ብሎ ተሠራ። ከላይ ስታየው ሜዳው እንቁላል ነው። እውነቴን ነው፣ ቁርጥ እንቁላል።

እዚህ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው «ሳውዘርን 500» የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 1950 ነው። በእኛ ነሐሴ 29 ቀን 1942 መሆኑ ነው፤ አዲስ ዓመት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው። ያኔ ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ማኅበር ገና ልጅ ነበር። የሚወዳደሩት መኪኖች ሰው ከመደብር የሚገዛቸው ዓይነት ናቸው፣ «ስቶክ ካር» የተባሉትም ለዚሁ ነው። አብዛኛው ውድድር አቧራ ላይ የሚሮጥ አጭር ውድድር ነበር። አሁን ግን አስፋልት ነው፣ ርቀቱም 500 ማይል። 800 ኪሎ ሜትር በለው፤ ከአዲስ አበባ መቀሌ ሊያደርስህ ምንም አይቀረውም። አንዱ ዙር አንድ ማይል ከሩብ ስለነበር 400 ጊዜ መዞር ነው። 75 መኪኖች ሦስት ሦስት ሆነው በ25 ረድፍ ተሰለፉ።

ትልልቆቹ ኦልድስሞቢልና ካዲላክ ነበሩ። ስምንት ሲሊንደር፣ ከባድ፣ ፈጣን። በማጣሪያው ፈጣኖቹ በሰዓት ከ82 ማይል በላይ ሄደዋል። በ43ኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ጆኒ ማንትዝ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ቆሟል። የያዘው ፕሊመዝ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ ቀላል፣ ለገበያ መመላለሻ የሚሆን መኪና። ከመካከላቸው ዘገምተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ማንትዝ ግን አንድ ነገር ያውቃል። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተወዳድሯል፤ አስፋልትና ረጅም ርቀት ጎማን እንዴት እንደሚበሉ አይቷል። ስለዚህ ለመኪናው ጠንካራ የጭነት መኪና ጎማ አሰረለት። ጠንካራ ጎማ መንገዱን ጥብቅ አድርጎ አይዝም፣ ስለዚህም አያስሮጥም። አይፈነዳም ግን።

ውድድሩ ተጀመረ። ትልልቆቹ ነዳጁን ረገጡት። ከዚያ ጎማ መፈንዳት ጀመረ። ለቤት መኪና የተሠራ ጎማ ያንን ክብደት ተሸክሞ፣ በጋለ አስፋልት፣ በዚያ ፍጥነት ኩርባ መዞር አልቻለም። ኩርባው ላይ ቦምብ የሚያክል ድምፅ፣ ከዚያ የተቀደደ ጎማ እየጎተቱ መግባት፣ ክሪክ፣ መፍታት፣ ማሰር፣ መውጣት። ጥቂት ዙር ሄዶ ደግሞ መፈንዳት። ሬድ ባይረን የሚባለው ስመ ጥር ሾፌር በካዲላኩ 24 ጎማ እንደጨረሰ ይነገራል። ጎማ ሲያልቅባቸው መካኒኮቹ ሜዳው ውስጥ መኪናቸውን አቁመው ከሚያዩት ተመልካቾች ላይ ሳይቀር እየለመኑና እየገዙ ፈቱ ይባላል። እስቲ አስበው፤ ቤተሰብህን ይዘህ ውድድር ልታይ መጥተህ መኪናህን በድንጋይ ላይ አስቁመህ ወደ ቤት ስታማትር!

ማንትዝ ይዞራል። አይጣደፍም፣ አይቆምም። ሌሎቹ ጎሚስታ ሆነው ሲውሉ እሱ መሪውን ይዞ ይዞራል። ከ400 ዙር 351ዱን የመራው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለተኛ የወጣውን ፋየርቦል ሮበርትስን በ9 ዙር ቀደመው። 18 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 75 ማይል ብቻ ነበር፣ የፈጀበትም ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ። ከ10,000 ዶላር የሚበልጥ ሽልማት ወሰደ፣ ለዚያ ዘመን ብዙ ብር።

የውድድር ሰዎች ራሳቸው የሚሉት ነገር አለ፦ አንደኛ ለመጨረስ መጀመሪያ መጨረስ። እ.ኤ.አ. በ1965 እዚያው ሜዳ ላይ ኔድ ጃሬት የሚባል ሾፌር ይሄንኑ ደገመው። ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀበት ነበር፣ እያባበለ ነዳው። ፊቱ የነበሩት መኪኖች ግን መጨረሻው አካባቢ ተበላሹ። በ14 ዙር ብልጫ አሸነፈ። እሱን እንኳ ዕድል ረድቶታል እላለሁ። የማንትዝ ግን ዕድል አይደለም። መነሻው ላይ ከመሰለፉ በፊት ቁጭ ብሎ ያሰበው ነገር ነው፤ ቅርጫቱን ያዘጋጀው ቀድሞ ነው።

ለበያጁ ሁሉንም ነገርኩት። ሜዳውን መሬት ላይ በብረት ቁራጭ ጭሬ አሳየሁት። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በጥሞና ሰማኝ። ስለ ጎማው ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀና፣

«አየህ ጋሼ» አለኝ፣ «እኔም እኮ አራት ወር ሙሉ የምልህ ይሄንኑ ነው!»