አግሮፎረስትሪ ምንድን ነው? ችግኝ ተከላ ሁሉ አይደለም

ክረምት በገባ ቁጥር አግሮፎረስትሪ የሚለው ቃል ይበዛል። ተራራ ላይ ችግኝ ተተከለ፣ አግሮፎረስትሪ ነው። መንገድ ዳር ግራቪሊያ ተደረደረ፣ እሱም አግሮፎረስትሪ ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ከደሴ በላይ ያለ ተራራ ፎቶ ለጥፎ «ወሎ በአግሮፎረስትሪ ለመለመች» ብሎ ጻፈ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ያለው ጽድና ባሕር ዛፍ ነው። ማሳ የለም። ፍየል የለም። እርከን ላይ የበቀለ ገብስ እንኳ የለም።

ተራራ ላይ ችግኝ መትከል መልካም ሥራ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን ደን ልማት ነው። ልዩነቱ የባለሙያ ጭቅጭቅ ይመስላል፤ አይደለም። የተራራው ችግኝ ሪፖርት ላይ በአግሮፎረስትሪ ስም ከተቆጠረ፣ ሥራው ተሠርቷል ተብሎ ይዘጋል። ታች ማሳው ላይ ዛፍና ማሽላ ለማስማማት የሚታገለው ገበሬ ምክርም ችግኝም ሳያገኝ ይቀራል። የሚያናድደኝ ይህ ነው።

አግሮፎረስትሪ፣ ወይም ጥምር ደን እርሻ፣ ዛፍን ከሰብል ወይም ከከብት ጋር በአንድ መሬት ላይ ታስቦበት ማኖር ነው። ከሁለቱም ጋር ቢሆን ደግሞ የተሻለ። ነገሩ ያለው ጎን ለጎን መቆማቸው ላይ አይደለም። አንዱ ለሌላው ምን ይሰጣል፣ ምንስ ይወስድበታል? ይህን የሚያመዛዝን ሰው ከሌለ አግሮፎረስትሪ የለም።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ምን እንደሚያደርግ የወሎ ሰው ያውቃል። ይቀናጃል። የራሱን በሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር ጠምዶ ዛሬ የራሱን ያርሳል፣ ነገ ለጎረቤቱ ይለቃል። ዛፍና ሰብልም መቀናጆ ላይ ናቸው። ሁለት በሬዎች አንድ በረት ስላደሩ ብቻ መሬት አይታረስም፣ መጠመድ አለባቸው። ተራራው ላይ ያለው ጽድና ሜዳው ላይ ያለው ጤፍ ደግሞ በረት እንኳ አይጋሩም። ሌላም አለ። ማንም በሬ ከማንም ጋር አይጠመድም። አንዱ ጉልበተኛ ሌላው ከሲታ ከሆነ ቀንበሩ ያጋድላል፣ ደካማው ትከሻው ይላጣል። ባሕር ዛፍ ከጤፍ ማሳው ዳር የተከለ ገበሬ ይህን በዓይኑ አይቷል። ከዛፉ አጠገብ ያለው ጤፍ ይቀጥናል፣ ይገረጣል፣ ገና ሳያፈራ ይደርቃል። ውኃውን ጉልበተኛው ጠጥቶታል።

ባሕር ዛፍ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤት ቋሚ፣ ማገርና ማገዶ ሆኖ ስንቱን ቤተሰብ ይዟል። ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው ገበሬ ለብቻው በተለየ ቦታ ቢተክለው አልፈርድበትም። ከሰብል ጋር ግን አይቀናጅም።

ገርቢ የሚባለውን ዛፍ እዩት። ክረምት ላይ፣ ሰብሉ ብርሃን በሚፈልግበት ሰዓት ቅጠሉን ያራግፋል። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ይለመልማል፣ ፍሬውም ለከብት መኖ ይሆናል። ከሥሩ ያለው አፈር ጠቆር ይላል፣ ማሽላውም ከሌላው ይበልጣል። ተራውን የሚያውቅ በሬ ማለት ይህ ነው። ይህን ስጽፍ «እንግዲያው ገርቢ በየቦታው እንትከል» የሚል እንደሚመጣ ስለማውቅ ልጨምር። ገርቢ የቆላና የወይና ደጋ ዛፍ ነው። ሥሩ ጥልቅ ውኃ ማግኘት ይፈልጋል፣ ጥቅሙም የሚታየው ጎልምሶ ነው። ሁሉም ዛፍ አፈር ያዳብራል የሚለውም ስሕተት ነው። ገርቢና ሰስፓኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍ ናይትሮጂን ከአየር ወስደው አፈሩን ይጠቅማሉ። ግራቪሊያ ይህን አያደርግም። ለጣውላና ለማገዶ ጥሩ ነው፣ ማሳ ዳርም ከባሕር ዛፍ ይሻላል። ማዳበሪያ ነው ብሎ መሸጥ ግን ገበሬን ማታለል ነው።

ፎቶውን የለጠፈው ያው አስተያየት ሰጪ ሰዎች ሲመልሱለት ደግሞ «እውነተኛው አግሮፎረስትሪ የደቡብ ነው፣ ወሎ ደረቅ ስለሆነ አይሆንለትም» አለ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ይገባዋልም። እንሰትና ቡና ከዛፍ ሥር አብረው የሚኖሩበት አገር ነው። ግን አንድ ዓይነት መልክ ብቻ ያለው ይመስል ወሎን ከጨዋታ ማውጣት ምን ይሉታል?

ከቆቦ ተነስቶ በሐብሩ በኩል ወደ ቃሉና ባቲ የሚወርድ ሰው ማሽላ መሐል የቆመ ቁርቁራና ግራር ያያል። የተረሳ ዛፍ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ግንዱን ቢያይ ታሪኩ ይገባዋል። ቅርንጫፉ በተደጋጋሚ ተቆርጦ አናቱ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኗል፣ ከየቋጠሮው ቀጫጭን አዲስ ቅርንጫፍ ወጥቷል። ገበሬው ማሽላ ከመዝራቱ በፊት ወጥቶ ይገነጥለዋል። ቅጠሉን ፍየል ይበላዋል። እሾሁ ተጎትቶ አጥር ይሆናል፣ የደረቀው ይማገዳል። ጥላው ስለቀነሰ ማሽላው ብርሃን ያገኛል። ፍሬውን እረኞች ይለቅሙታል፣ ድርቅ ሲመጣም ቅጠሉ ከብት ያቆያል። እዚህ ጠማጁ ገበሬው ነው፣ ቀንበሩን የሚያስተካክለው በመጥረቢያው። ሐይቅ ዙሪያ ያለ ጓሮ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ቡና ከዋንዛ ሥር፣ አጥሩ አጠገብ ጌሾ፣ ወረድ ብሎ ማንጎ፣ ከቤቱ ጀርባ የታሰረች ላም። ይህም አግሮፎረስትሪ ነው።

አሁን ብዙዎችን የሚያስገርመውን ልናገር። እነዚያ ቁርቁራና ግራሮች በአብዛኛው አልተተከሉም። ወፍ ዘራሽ ናቸው። ገበሬው ሲያርስ ቡቃያውን አይቶ ማረሻውን ዘወር አደረገ፣ ሲያርምም ሳይነቅለው አለፈ። አንድም ችግኝ ሳይተከል አግሮፎረስትሪ ሊስፋፋ ይችላል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ቆጠራ ወፍ ዘራሹን የሚያስገባበት ሳጥን የለውም። ማረሻውን ዘወር ያደረገውን ገበሬም አይቆጥረውም።

ታዲያ የማኅበረሰቡ ድርሻ ምንድን ነው? መትከሉ ቀላሉ ነው። ደቦ ጠርቶ አንድ ጠዋት ይጨርሱታል። ከባዱ ከመኸር በኋላ ይመጣል። አዝመራው ሲሰበሰብ ማሳው ሁሉ የጋራ ግጦሽ ይሆናል፣ ከብቱም ፍየሉም ይለቀቃል። አንድ ገበሬ ብቻውን ያሳደገውን ሰስፓኒያ የጎረቤት ፍየል በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ወሳኙ ቦታ ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ የሚሰበሰብበት ጥላ ሥር ነው። ግጦሽ የት ይዘጋ፣ መኖ ታጭዶ ቤት ድረስ ይምጣ ወይስ አይምጣ፣ የማን ፍየል ብትገባ ምን ይቀጣ? ይህ ሲወሰንና ሲከበር ዛፉ ይጸድቃል። ልቅ ግጦሽ ይቁም ማለት ለባለሙያ ቀላል ነው፣ ለድሀ ቤተሰብ ግን አይደለም። ሌላ መሬት የሌላት እናት ፍየሎቿን የምታሰማራው እዚያው ቃርሚያ ላይ ነው። መኖው መጀመሪያ ሳይደርስ ግጦሹን መዝጋት እሷን መቅጣት ነው።

ወሎ ይህን በታሪክ አይቶታል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ እርከን ተሠርቶለት ችግኝ ለበሰ። በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ብዙ ቦታ ላይ ተመነጠረ። ገበሬው ዛፍ ስለማይወድ አልነበረም። የጓሮው ዋንዛ የራሱ እንደሆነ ያውቃል። የተራራው ዛፍ የእሱ እንደሆነ የነገረው፣ ጥቅሙንም ያሳየው አልነበረም።

ስለ ወፍም ዝም ማለት አልችልም። ቆላ ላይ ዛፍ አብዛ ስንል ገበሬው «ግሪሳውስ?» ይላል። ልክ ነው። ግሪሳ ወፍ እሾሃም ግራር ላይ ያድራል፣ ማሽላውን ያወድማል። ይህን ስጋት እንደ ኋላቀርነት የሚያይ ባለሙያ ገበሬውን አልሰማውም። ዛፉን አራርቆ መያዝና በጊዜው መገንጠል ያስፈልጋል።

ደጋው ላይ፣ እንደ ለጋምቦና ወረኢሉ ባሉ ወረዳዎች፣ ጥያቄው ይለወጣል። እዚያ ጠላቱ ውርጭና ንፋስ ነው። ቁርቁራም ገርቢም አይሆኑም። ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ቁጥቋጦ እርከን ጫፍ ላይ ቢተከል አፈሩን ይይዛል፣ እየተቆረጠም ለበግ መኖ ይሆናል። ምን ይተከል የሚለው እንግዲህ በሰኔ የሚወሰን ነገር አይደለም። ችግኝ ጣቢያ ዘር የሚዘራው ከወራት በፊት ነው። ወይራና ጽድ ደግሞ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ረጅም ጊዜ ጣቢያው ውስጥ ይቆያሉ። የልማት ሠራተኛው በጥቅምትና በኅዳር ገበሬውንና ሚስቱን «የትኛውን ትፈልጋላችሁ? ለመኖ ነው ለማገዶ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ በሰኔ የሚያድለው የፈለጉትን ሳይሆን ጣቢያው ውስጥ የተረፈውን ነው።