የዓሣ ጤና አገልግሎት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ዙሪያ ኩሬ ቆፍሮ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ (ቲላፒያ) የሚያረባ ገበሬ ላሙ ስትታመም ወዴት እንደሚነዳት ያውቃል። ዓሣው ሲያልቅበት ግን የሞተውን ለቅሞ ይጥልና ዝም ይላል። ለዓሣም ሐኪም ይጠራል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ኪሳራው የሚከፋው በዚህ ዝምታ ይመስለኛል።

የዓሣ ጤና አገልግሎት ማለት ዓሣ እንዳይታመም መከላከል፣ ሲታመም ምክንያቱን መርምሮ ማግኘት፣ የሚታከም ከሆነም ማከም ነው። የእንስሳት ሐኪምና የዓሣ ባለሙያ ተጋግዘው የሚሠሩት ሥራ ነው።

ባለሙያው ኩሬው ዳር ሲደርስ ቀድሞ የሚመረምረው ውኃውን ነው። ዓሣ የሚተነፍሰውም የሚጸዳዳውም እዚያው ነዋ! ሙቀቱን፣ ኦክስጅኑን፣ አሞኒያውን ይለካል። አሞኒያ የሚመጣው ዓሣው በመተንፈሻ ስንጥቡ ከሚያስወጣው ቆሻሻ፣ ከኩሱና ተርፎ ከበሰበሰ መኖ ነው። ኦክስጅን ደግሞ እኛ ጋ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። ኩሬው በጣም አረንጓዴ ከሆነ ይብሳል፤ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዋቅላሚ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ራሱም ከዓሣው ጋር ይሻማል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ዓሣዎቹ ወደ ውኃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ መድኃኒት ፍለጋ አትሩጡ። መኖ አቁሙ፣ ንጹሕ ውኃ ጨምሩ።

ቀጥሎ ዓሣው ይታያል። ቆዳው ቆስሏል? ክንፉ ተበልቷል? መተንፈሻው ስንጥብ ገርጥቷል? አንዳንዱ ተከፍቶም ይመረመራል። በጣና ዓሦች ላይ ኮንትራሲከምና ክሊኖስቶመም የሚባሉ ጥገኛ ትሎች ተገኝተዋል። ሁለቱም ዓሣ በሚበሉ ወፎች በኩል ይዛመታሉ፤ ክሊኖስቶመም በቀንድ አውጣም ያልፋል። ሐኪሙ የኩሬውን ዳር አረም አጽዱ ቢላችሁ ቀንድ አውጣው እዚያ ስለሚራባ ነው።

መድኃኒት ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለከብት የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ኩሬ ውስጥ መበተን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዓሣው ከሚያገኘው ይልቅ ውኃው ውስጥ የሚቀረው ይበዛል። ባክቴሪያ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። የታመመ ዓሣ ግን መብላት ያቆማል። ሐኪም ቶሎ ጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ገና የሚበላው ሳለ ካልተደረሰ መድኃኒቱ ሆዱ አይገባም። ከታከመ በኋላም ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን ሳይሞላ ዓሣው ለገበያ አይወጣም።

መድኃኒት የሌለው በሽታም አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. በጥናት ይፋ የሆነው የቲላፒያ ሌክ ቫይረስ አንዱ ነው፤ የሚያጠቃውም በዋናነት ቀረሶን ነው። መከላከያው የዓሣ ጫጩት ከየት እንደመጣ ማወቅና አዲሱን ከነባሩ ሳይቀላቅሉ ለብቻ ማቆየት ነው።

ታዲያ ማንን እንጥራ? ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጀምሩ። ባሕር ዳር ውስጥ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም አለ። ናሙና ስትወስዱ ሌሊት ሞቶ ያደረውን ተዉት፤ ስንጥቡ ቶሎ ስለሚበሰብስ ብዙ አይናገርም። የታመመውን በሕይወት፣ በራሱ ኩሬ ውኃ ውሰዱት። ሞቱ መቼ እንደጀመረ፣ ምን መኖ እንደሰጣችሁ፣ ከኩሬው በላይ ባለ የሽንኩርት ወይም የጫት ማሳ ሰሞኑን ኬሚካል ተረጭቶ እንደሆነም ንገሯቸው።