ሥርዓተ ፆታን ያገናዘበ በጀት ምንድን ነው?

ስሙ ረዘም ስለሚል ሰው ገና ሲሰማው ያዛጋል። እኔም አዛግቼ ነበር። ለሴቶች ለብቻ የሚመደብ ብር የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ለማርች 8 ቲሸርት ማሳተሚያም አይደለም (እንደዛ የገባቸው ግን ሞልተዋል)። መንገዱም ውሃውም ትምህርቱም ያለበትን ጠቅላላ በጀት ይዞ ሁለት ነገር መጠየቅ ነው። ብሩ ሲወጣ ማን ጋ ይደርሳል? ሲቀነስስ ማን ላይ ይወድቃል?

ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን ለማስረዳት ከውሃ የሚቀል የለም። የአንገረብ ግድብ ለከተማው አልበቃ ካለ ቆይቷል፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ሲቀር ቢጫ ጀሪካን ይዞ የሚወጣው ማን እንደሆነ ለጎንደር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የጎረቤቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። ወንድሟ ይበልጣታል፣ ጉልበትም አለው። ግን 20 ሊትሩን በገመድ አዝላ ዳገቱን የምትወጣው እሷ ናት፤ በርሜሉ ውስጥ ገልብጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ደብተሯን ይዛ ሮጣ ስትደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል። እንግዲህ አንድ ከተማ ከፓምፕ ጥገና ላይ ብር ቀነሰ እንበል። መዝገቡ ላይ ቁጠባ ይባላል። ወጪው ግን የትም አልሄደም፣ ልጅቷ ጀርባ ላይ ነው የወጣው። የእሷ ሰዓት ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

ይህን ደረሰኝ የሌለው ወጪ ቆጥሮ በጀት የሚጸድቅበት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው ነገሩ። ለዚህ በፆታ የተለየ መረጃ ያስፈልጋል። «5000 ሰው ተጠቃሚ ሆነ» የሚል ሪፖርት ምኑም አይያዝ። ስንቱ ሴት? ስንቱ ወንድ? አዲስ የሚሠራው ትምህርት ቤት የሴቶች መጸዳጃ ለብቻው፣ ከነውሃው አለው?

በመንግሥት ደረጃ ቀድማ የሞከረችው አውስትራሊያ ናት፣ በ1984 እ.ኤ.አ.። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ማግስት ገባችበት። ኡጋንዳ ግን ጠበቅ አደረገችው። በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ በጀቱ ፆታንና ፍትሐዊነትን ማገናዘቡ በሰርተፍኬት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። እኛ ጋም ሕግ የለም እንዳትሉ፤ የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ በ2008 ዓ.ም. ሲሻሻል በጀት ሲዘጋጅ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ ከግምት እንዲገባ አዟል። አዋጅ ቁጥር 970/2008 ነው፣ የፈለገ ያንብበው።

በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የሚበስለው ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው፣ ሰውም መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው። እኔ ስለ በጀት ሐሳብ ስጡ ተብዬ የተጠራሁት አንዴ ብቻ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፣ በወንድ። የእኛ ሰፈር ውሃ የመጣው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።