ከትከሻ የሚተኮስ ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል፦ አመጣጡ

በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በጣሊያን ላይ ሲያምፅ አርበኛው የያዘው በአብዛኛው ውጅግራና ምንሽር ነበር። ጠላት በአውሮፕላን መንደር ይደበድባል፤ ለተከበበ ምሽጉ ስንቅ ይጥላል፤ አርበኛው የት እንዳደፈጠ ከላይ ይሰልላል። ዝቅ ብሎ የሚያልፍን አውሮፕላን በምንሽር መተኮስ ይቻላል፤ ማግኘቱ ግን የዕድል ነገር ነው። ችግሩ የጎጃም ብቻ አልነበረም። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ባለ ዘጠኝ አፈሙዝ የትከሻ ሮኬት ሠርተው ነበር፤ የሚመራው ነገር ስላልነበረው እምብዛም አልረባም።

መላው የተገኘው ሮኬቱ ራሱ የሞተር ሙቀት እንዲከተል ሲደረግ ነው። አሜሪካ ሬድአይን፣ ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ስትሬላ 2ን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለሠራዊታቸው አስታጠቁ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ስትሬላ 2 ከነማስወንጨፊያው 15 ኪሎ ያህል ነው፤ አንድ ሰው ተሸክሞት ዳገት ይወጣል። የሚደርሰው እስከ 3.4 ኪሎ ሜትር ርቀትና እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ነበር።

በ1969 ግብፅ ውስጥ በእስራኤል ጄቶች ላይ ለውጊያ ሲውል ጉድለቱ ወዲያው ታየ። የሙቀት ዓይኑ ስለማይቀዘቅዝ የጋለውን የጭስ መውጫ ካልሆነ አጥርቶ አያይም፤ ስለዚህ ጄቱ ካለፈ በኋላ ከጀርባው ይተኮሳል፤ ፈጣን ጄት ደግሞ ጥሎት ይሄዳል። ፀሐይና ብርሃን ያረፈበት ደመና ያስቱታል። ቢመታም ፈንጂ የተሸከመው ጫፉ ከአንድ ኪሎ ብዙም ስለማይበልጥ፣ የእስራኤል ስካይሆክ ጄቶች ጅራታቸው ተቦድሶ የተመለሱበት ጊዜ አለ። እስራኤሎች የጭስ መውጫውን ቱቦ አስረዘሙት፤ ፍንዳታው ከዋናው አካል እንዲርቅ ነው። ርካሽ ግን ብልህ መፍትሔ ነበር።

ለሄሊኮፕተርና ለዘገምተኛ አውሮፕላን ግን ይኸው ሚሳኤል ጠንቅ ነበር፤ በ1972 ቬትናም ውስጥ ታይቷል። ቀጥለው የመጡት የአሜሪካው ስቲንገርና የሶቪየቱ ኢግላ ዓይናቸው ስለሚቀዘቅዝ ፊት ለፊት የሚመጣውንም ይለያሉ። መስከረም 1986 ጃላላባድ አጠገብ የአፍጋን ተዋጊዎች በስቲንገር ሦስት የሶቪየት ሄሊኮፕተሮችን ጣሉ። በጠቅላላው ስንት አውሮፕላን እንደወደቀ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ለውጊያው ግን ከወደቀው ይልቅ ወደ ላይ የሸሸው ይበልጣል። ከፍ ያለ አብራሪ ቦምቡ ዒላማውን ይስታል፤ ለተከበበ ምሽግ የሚጥለው ስንቅም ነፋስ ወስዶት ከበባው ውስጥ ላለው ሳይሆን ለከበበው ይደርሳል።

መሣሪያው ከመንግሥት እጅ ሲወጣ ግን ዒላማው የመንገደኛ አውሮፕላን ይሆናል። ኅዳር 2002 ሞምባሳ ላይ በአንድ የእስራኤል ቦይንግ የተተኮሱ ሁለት ስትሬላዎች ለጥቂት ሳቱት። በማግስቱ ዓመት የጦር መሣሪያ ሽያጭን የሚቆጣጠረው የቫሰናር ስምምነት አገሮች ደንባቸውን አጠበቁ፦ ሽያጩ ለመንግሥት ወይም መንግሥት ለወከለው ብቻ እንዲሆን፣ ሚሳኤሉና መተኮሻ መያዣውም በተለያየ ቦታ እንዲቀመጡ።