«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ»

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ፌስታል ይዤ ወጣሁ። ፍራንኮ አካባቢ ስደርስ ከሸማቾች ሱቅ አጠገብ ረጅም ሰልፍ አየሁ። በቃ፣ ስኳር መጥቷል! ምንም ሳልጠይቅ ከኋላ ቆምኩ። አዳማ ላይ ለስኳር መሰለፍ ራሱ ያስቃል፤ ወንጂ እዚሁ አፍንጫችን ስር ሆኖ፣ ያውም ከ1946 ዓ.ም ጀምሮ ስኳር ሲያመርት። ግን ለምደነዋል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ከፊቴ ያሉትን እናት «ማዘር፣ ለአንድ ሰው ስንት ኪሎ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ሰው ሲቆም አይቼ ነው» አሉኝ።

ያኔ ነው ተረቷ ትዝ ያለችኝ። ትርጉሟን ሁላችንም እናውቃለን። ሌላው ያደረገውን ለምን እንዳደረገው ሳይገባው፣ ለራሱ ይበጅ አይበጅ ሳያጣራ ለሚከተል ሰው ትተረታለች። ጎረቤት ደገሰ ብሎ ተበድሮ ለሚደግስ፣ ጓደኛው ገዛ ብሎ የማያውቀው ንግድ ውስጥ ለሚዘፈቅ።

እኔን የምትገርመኝ ግን «ሲሉ» ናት። ማን ሲል? ምን ሲል? ተረቱ አይነግረንም። ወሬም እንዲሁ «አሉ» ብሎ ይጀምራል፤ ያለው ሰው ግን ተፈልጎ አይገኝም። ዶሮም በዘፈቀደ የተመረጠች አይመስለኝም። በገጠር ቤት ቆጥ ላይ ሆና ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣራ ስር ታድራለች። የሰው ወሬ ሁሉ ጆሮዋ ይገባል፤ ጉዳዩ ግን የሷ አይደለም። «ታንቃ»ም ሁለት መንገድ አላት። ገመድም ያንቃል፣ ከጉሮሮ የሰፋ ጉርሻም ያንቃል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ገመድ የምታስር ዶሮ አይቼ አላውቅማ።

በ1969 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራምና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ ጎዳና ላይ የሠሩትን ሙከራ አሳተሙ። የራሳቸውን ሰዎች አቁመው ወደ አንድ ፎቅ መስኮት አስንጋጠጡ። የሚያንጋጥጠው አንድ ሰው ሲሆን ከመንገደኛው 4 በመቶው ብቻ ቆመ። 15 ሲሆኑ ግን 40 በመቶው ቆሞ አብሮ አንጋጠጠ። መንገደኛው ሞኝ ሆኖ አይደለም። «ይሄ ሁሉ ሰው በከንቱ አያንጋጥጥም» ብሎ ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ወደ ፊት ሄጄ አጣራሁ። የፊተኞቹ የቆሙት ኤቲኤም ላይ ነው፣ ኔትወርክ እስኪመጣ። ስኳር የሚባል ነገር የለም። ተመልሼ ከኋላዬ ለነበረው ባለባጃጅ ነገርኩት። ተናደደ።

«ታዲያ አንተ ፌስታል ይዘህ ምን ትሠራለህ? እኔ እኮ ፌስታልህን አይቼ ነው የተሰለፍኩት!»

ፌስታሌን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ዳቦ ቤቱ ስደርስ ዳቦም አልቋል።